የሞዴል ኤም ኪቦርድ ሪቬቶች ሲረግፉ፦ በኤም 2 ብሎን መተካት

ጥያቄ፦ የአይቢኤም ሞዴል ኤም ኪቦርድ አለኝ፤ ቁጥሩ 1391401 ሲሆን ጀርባው ላይ የተለጠፈው ወረቀት 1989 ይላል። ሳነሳው ውስጡ ይንኮሻኮሻል። ከታች ረድፍ ያሉ አራት አምስት ቁልፎች ጠበቅ አድርጌ ካልመታኋቸው አይጽፉም፤ ስፔስ ባሩም አንዳንዴ ይዘላል። ስከፍተው ጥቃቅን ጥቁር የፕላስቲክ ፍርፋሪ አገኘሁ። ኢፖክሲ ባፈስበት ይበቃል ወይስ ሁሉንም በብሎን መቀየር ግድ ነው? ስንት ብሎን፣ በምን ውፍረት? ሲያልቅ ከላፕቶፕ ጋር በዩኤስቢ ላገናኘው እፈልጋለሁ።

ምላሽ፦

ያገኙት ፍርፋሪ የተሰበሩ የፕላስቲክ ሪቬቶች (የኪቦርዱን ሽፋኖች አንድ ላይ የሚይዙ ትንንሽ ችካሎች) ራስ ነው። ኢፖክሲውን ይተዉት። የሚያስፈልግዎት ብሎን ነው፤ ግን ትራፓኖ ከማንሳትዎ በፊት ጥፋቱ በእርግጥ የሪቬት መሆኑን ያጣሩ፤ አንዴ ከተጀመረ መመለሻ የለውም።

ውስጡ እንዲህ ነው። ሞዴል ኤም እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የቀዳሚውን የሞዴል ኤፍን ወጪ ለመቀነስ ነው። በሞዴል ኤፍ ሞላው የሚያንቀሳቅሰው መዶሻ ያረፈው በታተመ ሰርኪዩት ካርድ ላይ ነበር፤ ሁሉንም ጨምቀው የሚይዙት ደግሞ እርስ በርስ ተንሸራተው የሚቆላለፉ ሁለት የብረት ላሜራዎች ነበሩ። በሞዴል ኤም ካርዱ በሜምብሬን (መስመሮች በታተሙበት ስስ ፕላስቲክ) ተተካ፣ የላዩ ላሜራ በርሜሎቹ (የቁልፎቹ ግንድ የሚገባባቸው ቱቦዎች) አብረው በተቀረጹበት ጥቁር ፕላስቲክ ተተካ፣ መቆላለፊያውም ከዚያው ፕላስቲክ የበቀሉና ጫፋቸው በሙቀት የተደፈጠጠ ቀጫጭን ሪቬቶች ሆነ። ያኔ ርካሽና ፈጣን ዘዴ ነበር። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሲያልፍ ግን ፕላስቲኩ ይደርቃል፤ አንድ ጊዜ መውደቅ ወይም በፖስታ መንገላታት ይበቃዋል። ኪቦርዱ ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ከክብደቱ ብዙው ከኋላ የቀረው የብረት ላሜራ ነው፤ ሲወድቅ ክብደቱን የሚሸከሙት እነዚያ ቀጫጭን ሪቬቶች ናቸው።

ቁልፉን ሲጫኑ በበርሜሉ ውስጥ ያለው ሞላ ይጨመቅና አንድ ደረጃ ላይ ሲደርስ ድንገት ወደ ጎን ይታጠፋል። የሚሰሙት ቀጭታም ከዚያ የሚመጣ ነው። በዚያችው ቅጽበት ከሞላው ሥር ያለችው ትንሽ የፕላስቲክ መዶሻ ተገልብጣ ስሱን ጎማ ምንጣፍ ትመታለች፤ ምቱ በምንጣፉ አልፎ የላይኛውን ሜምብሬን ከታችኛው ጋር ያነካካል። በሁለቱ መካከል ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ሦስተኛ ሽፋን አለ። ቁልፉን ለማስነሳት የሚበቃው ኃይል ከ60 እስከ 70 ግራም ብቻ ስለሆነ መዶሻዋ የተረፈ ጉልበት የላትም። ላሜራው ከፕላስቲኩ ትንሽ እንኳ ከራቀ ምቷ ይደክማል። ቀጭታው ይሰማል፣ ፊደሉ ግን አይመጣም። እርስዎ ያሉት ምልክት ይህ ነው።

ተመሳሳይ የሚመስሉ ግን ሌላ ምክንያት ያላቸው ሁለት ጥፋቶች አሉ። ቁልፉ የማይጽፈው ቀጭታም ሳያሰማ ከሆነ የዚያ ቁልፍ ሞላ ቦታውን ስቷል ማለት ነው። ክዳኑን ያውጡ፣ ኪቦርዱን በጠርዙ ያቁሙ፣ የሞላው ጫፍ የበርሜሉ መሃል ላይ መሆኑን እያዩ ክዳኑን ቀጥ አድርገው ይመልሱ። ትራፓኖ አያስፈልግም። የማይጽፉት ቁልፎች ደግሞ በሰሌዳው ላይ የተበታተኑ ሆነው ሁሉም ሙሉ በሙሉ የሞቱ ከሆኑ፣ ጠንክረው ቢመቱም የማይመልሱ ከሆኑ፣ ጥፋቱ የሚኖረው ከሜምብሬኑ ወደ ኮንትሮለሩ (ምቱን ተርጉሞ ወደ ኮምፒውተሩ ወደሚልከው ካርድ) በሚሄደው ጠፍጣፋ ገመድ ላይ ነው። ቁልፎቹ በ16 እና በ8 መስመሮች መረብ ስለተያያዙ አንድ መስመር ሲቋረጥ የሚሞተው አንድ ቁልፍ ሳይሆን ቡድን ነው። ገመዱን አውጥቶ መልሶ መሰካት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። በእርስዎ በኩል ግን ጠንክረው ሲመቱ ይጽፋሉ፣ ቁልፎቹም አንድ አካባቢ የተሰበሰቡ ናቸው፣ ፍርፋሪውም አለ። ስለዚህ ሪቬት ነው።

መያዣውን ለመክፈት ከኋላው ጠርዝ በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጡ አራት ባለ ስድስት ጎን ብሎኖች ይፈቱ። መጠናቸው 5.5 ሚሊ ሜትር ነው። ዋናው ነገር የቡሶላው ግድግዳ ስስ መሆኑ ነው፤ ተራ ቡሶላ ጉድጓዱ ውስጥ አይገባም። ሲፈቱ የላይኛውን ክዳን ከኋላ ወደ ላይ አንስተው ወደ እርስዎ ይሳቡ፤ ከፊት በምላስ የተያዘ ነው። ከዚያ ጠፍጣፋ ገመዶቹን ከኮንትሮለሩ ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ያውጡ። በጣት ግራና ቀኝ ማወዛወዝ ጫፋቸው ላይ ያለውን ማስተላለፊያ ይልጠዋል። የሦስቱ መብራቶች መስመርና ከላሜራው ጋር የታሰረው የመሬት ሽቦም መውጣት አለባቸው። የመሬት ሽቦው የት እንደታሰረ ፎቶ ያንሱ፤ በኋላ ከሚረሱት አንዱ እሱ ነው።

አሁን ገልብጠው የላሜራውን ጀርባ ይመልከቱ። ጤነኛ ሪቬት ክብ ጥቁር ራስ አለው፤ የተሰበረው ቀዳዳው ውስጥ ግንዱ ብቻ ይታያል። በጠቅላላው ወደ 60 ገደማ ናቸው። የተሰበሩት ከስድስት ሰባት የማይበልጡና የተራራቁ ከሆኑ ሁሉንም መክፈት አይጠበቅብዎትም፦ የተሰበረውን ግንድ በላሜራው ቀዳዳ በኩል በ1.6 ሚሊ ሜትር ፑንታ ይብሱትና ከኋላ አጭር ኤም 2 (ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ) ብሎን ያስገቡ፤ ክሩን ራሱ በፕላስቲኩ ላይ ያወጣል። ሲበሱ ፍርፋሪው ወደ ሜምብሬኑ እንዳይገባ ሌላ ሰው የአቧራ መጥረጊያ ማሽን አፉን ከፑንታው አጠገብ ይያዝልዎት። ይህ ጊዜያዊ ጥገና ነው። የቀሩት ሪቬቶች እኩያ ዕድሜ ስላላቸው በየተራ ይከተላሉ። አንድ አካባቢ ሦስት አራት ተከታታይ ከረገፉ፣ እርስዎ እንዳሉት የታችኛው ረድፍ ሙሉ ከላላ፣ ሙሉውን መሥራት ይሻላል።

ለሙሉው ሥራ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ኤም 2 ብሎን ርዝመቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ራሱ ዝቅ ያለ፣ 80 ያህል ይግዙ፤ 60 ገደማ ይገባል፣ የሚጠፋና ክሩ የሚበላሽ አለ። የዚያኑ ያህል ኤም 2 ዳዶ። የዳዶው ስፋት 4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለእሱ የሚሆን ትንሽ ቡሶላ ይኑርዎት፤ በፒንሳ ልሥራው ያለ ሰው ወይ ላሜራውን ይጭራል ወይ ትዕግሥቱ ያልቃል። ሮንዴላ አያስፈልግም። የብሎኑን ርዝመት አይጨምሩ፤ 12 ሚሊ ሜትር ከሆነ ጫፉ የታችኛውን መያዣ ይነካና ኪቦርዱ አይዘጋም። 1.6 ሚሊ ሜትር ፑንታ ሦስት አራት ይያዙ፣ ይሰበራሉ። ሌላው ቤት ውስጥ ያለ ነው፦ ስለታም ጠባብ መሮ፣ ቀላል መዶሻ፣ ወረንጦ፣ ወስፌ፣ ወፍራም ፎጣ፣ ቴስተር፣ 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል።

ፑንታው 2 ሳይሆን 1.6 የሆነው ለኤም 2 ክር ማውጫ የሚበሳው ቀዳዳ መጠን ይህ በመሆኑ ነው። በ2 ሚሊ ሜትር ቢበሱ ብሎኑ ልቅ ሆኖ ያልፋል፤ ዳዶ ስላለው ይሠራል፤ ግን ሲገጣጥሙ በገለበጡት ቁጥር ብሎኖቹ ይወድቃሉ። በ1.6 ሲበሱ ብሎኑ ፕላስቲኩን ነክሶ በራሱ ይቆማል። ይህች ትንሽ ልዩነት የመገጣጠሙን ሥራ በግማሽ ታቀልለዋለች።

የቁልፍ ክዳኖቹን ከማውጣትዎ በፊት ፎቶ ያንሱ። ቀጥ ብለው ወደ ላይ ይወጣሉ። እንደ እርስዎ ባሉት በዚያን ዘመን በተሠሩት ላይ ብዙዎቹ ክዳኖች ሁለት ክፍል ናቸው፤ ፊደል ያለው ቆብ መጀመሪያ ይወጣል፣ ከሥሩ ግንዱ ይቀራል፤ እሱንም ያውጡ። እንደ ሺፍት ያሉ አንዳንድ ሰፋፊ ቁልፎች አጠገባቸው ባለ በርሜል ውስጥ ትንሽ የፕላስቲክ ማስገቢያ አላቸው። ስፔስ ባሩ ደግሞ የሽቦ ሚዛን አለው። ማስገቢያዎቹ ከክዳኑ ጋር ተጣብቀው ይወጡና ለእጥበት ሲገቡ ይጠፋሉ፤ ለብቻቸው በትንሽ ዕቃ ያስቀምጧቸው።

አሁን ስብስቡን ፊቱን ወደ ታች አድርገው ፎጣው ላይ ያስተኙ። ከዚህ በኋላ ላሜራው ተነሥቶ እስካለ ድረስ ወደ ላይ አይገልብጡት፤ ከገለበጡት 101 መዶሻ ከነሞላው ወለሉ ላይ ይበተናል። መሮውን ላሜራው ላይ ጠፍጣፋ አድርገው ከሪቬቱ ራስ ሥር ያስጠጉና በመዶሻው ቀስ ብለው ነካ ያድርጉት፤ ያረጀ ሪቬት በአንድ ምት ይነሣል። ከዳር ወደ መሃል ይሂዱ፤ መሃል ያሉትን ሦስት አራት ለመጨረሻ ይተዉ፣ በዚያን ጊዜ በአንድ እጅዎ ላሜራውን ይጫኑት። የመጨረሻው ሲነሣ ቀና ሊል ስለሚችል ቀስ ብለው ይልቀቁት።

ላሜራው፣ ሜምብሬኑ፣ ምንጣፉ በዚህ ቅደም ተከተል ይነሣሉ። የታዩትን መዶሻዎች በወረንጦ አንድ በአንድ ያውጡ፤ ሞላው ከመዶሻዋ ጋር ስለሚመጣ አይለያዩዋቸው። በአንድ ሣህን ላይ አይከምሩ፤ ሞላዎቹ እንደ ፀጉር ይጠላለፋሉ፣ ሲፈቱ ደግሞ ይለጠጣሉ፤ የተለጠጠ ሞላ አይጠገንም። በፎጣ ላይ ጎን ለጎን ያስተኟቸው። ሲያልቁ ይቁጠሩ። የአሜሪካው 101፣ የአውሮፓው ብዙውን ጊዜ 102 ነው። አንዳንድ በርሜሎች መዶሻ የላቸውም፤ ፕላስቲኩ ለሁለቱም አሠራር አንድ ስለሆነ ነው፤ ጎደለ ብለው አይደንግጡ። የትኛው ባዶ እንደነበር ግን ከማውጣትዎ በፊት ፎቶ ያንሱ።

ባዶውን ፕላስቲክ በለብ ያለ ውሃና ሳሙና ያጥቡት፤ በርሜሎቹ ውስጥ የሚገኘው ቆሻሻ ከሚገምቱት በላይ ነው። አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ። ከዚያ የሪቬት ግንዶቹን በስለት ከፕላስቲኩ ጋር እኩል አድርገው ይቁረጡ።

መብሳቱ ላይ አይቸኩሉ፤ የሚበላሽ ሥራ ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ነው። የእያንዳንዱን ግንድ መሃል በወስፌ ጫፍ ወጋ አድርገው ምልክት ያድርጉ። ምልክት የሌለው ቦታ ላይ ፑንታው ይንሸራተታል፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከሳተ ቀዳዳው ከላሜራው ቀዳዳ ጋር አይገጥምም። ይብሱ ግን ቀስ ብለው። ፈጣን ትራፓኖ ፕላስቲኩን አይቆርጠውም፣ ያቀልጠዋል፤ የቀለጠው ፑንታው ላይ ይጠመጠማል፣ ቀዳዳውም ይሰፋል። በእጅ የሚሽከረከር ትንሽ መያዣ ካለዎት ከሁሉ ይሻላል፤ 60 ቀዳዳ በእጅ ቢሰለችም ቀጥ ይላል። ፑንታው ካዘነበለ የሚወጣው በበርሜሉ ግድግዳ በኩል ነው። ያን ጊዜ የብሎኑ ጎን የቁልፉን ግንድ ይነካውና ቁልፉ ተጭኖ ይቀራል። እንዲህ ከሆነብዎት ያንን ቀዳዳ ባዶ ይተዉት፣ በርሜሉ ውስጥ የወጣውን ጠርዝ በስለት ያስተካክሉ። ከስልሳው ሁለት ሦስት የተበታተኑ ባዶ ቢሆኑ ጉዳት የለውም።

የታችኛው ጠርዝ፣ ከስፔስ ባሩ በታች ያለው ረድፍ፣ ጠባብ ነው። ከፊት የስፔስ ባሩ ሽቦ፣ ከኋላ የላሜራውና የመያዣው ጠርዝ ቅርብ ናቸው። እዚያ ብሎኑን ከማጥበቅዎ በፊት በመያዣው ውስጥ አስቀምጠው ይሞክሩ፤ ዳዶው ከነካ አጭር ብሎን ከኋላ በኩል ያለ ዳዶ ያስገቡ፣ ወይም ይተዉት።

ሁሉም ከተበሳ ፍርፋሪውን በብሩሽ ይጥረጉ። ሜምብሬኑ ላይ አንድ የፕላስቲክ ቅንጣት ከቀረ እዚያ ያለው ቁልፍ ወይ አይጽፍም ወይ ሁልጊዜ ይጽፋል። ሜምብሬኑን በአልኮል በነከረ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ጫፉ ላይ ወደ ኮንትሮለሩ የሚገባውን ክፍል አይፈትጉት፣ ዳብ ዳብ ብቻ ያድርጉት። አሴቶን አያስጠጉ። ፈሳሽ ፈሶበት የጠቆረ መስመር ካዩ በቴስተር ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለኩት። የተቋረጠ መስመር በብር ቀለም ድልድይ ሊሠራለት ይችላል፤ ቀለሙ ሦስቱ ሽፋኖች ከመገጠማቸው በፊት ፈጽሞ መድረቅ አለበት። ምንጣፉ ካልተቀደደና ካልተሰነጠቀ አይቀይሩት። ወፍራም በሆነ ነገር ከተኩት ያው የመዶሻው ምት መድከም በሌላ መንገድ ይመለሳል።

ሲገጣጥሙ መጀመሪያ ብሎኖቹን ከፊት፣ ከቁልፉ ወገን፣ በሙሉ ያስገቡ። ፊቱን ወደ ታች ሲያስተኙት ጫፎቻቸው እንደ ችካል ቆመው ይታያሉ። መዶሻዎቹን ይመልሱ፤ ሞላው ወደ በርሜሉ ወርዶ መዶሻዋ ማጠፊያዋ ላይ ጠፍጣፋ ሆና መተኛት አለባት። ከዚያ ፊትዎን ወደ ጠረጴዛው ዝቅ አድርገው በባትሪ መብራት ከጎን ያብሩ፤ ከጓደኞቿ ከፍ ብላ የምትታይ መዶሻ ካለች ተጣማለች። አሁን ካላስተካከሏት ከ60 ዳዶ በኋላ ነው የሚያገኟት። ምንጣፉንና ሜምብሬኑን በብሎኖቹ ጫፍ ላይ ያልብሱ፣ ጠፍጣፋ ገመዶቹ በፊት ወደነበሩበት መውጣታቸውን ያረጋግጡ፣ በመጨረሻ ላሜራውን ያስቀምጡ።

ላሜራው የታጠፈ ቅርጽ ስላለው ዳዶዎቹን ከዳር ከጀመሩ መሃሉ ይነሣል፣ ሜምብሬኑም ይሸበሸባል። ከመሃል ረድፍ ይጀምሩ፣ ወደ ግራና ቀኝ እያፈራረቁ ይሂዱ፣ ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች። በመጀመሪያው ዙር በጣት ብቻ ላሜራውን እስኪነካ። በሁለተኛው ዙር ሩብ ዙር ያጥብቁ። የኤም 2 ክር እርምጃ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሩብ ዙር ማለት 0.1 ሚሊ ሜትር ነው። ለማሽን ብሎን ምንም ነው፤ ለመዶሻዋ ግን ብዙ ነው። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው በማላላት ሳይሆን በማጥበቅ ነው። ከመጠን በላይ ከጠበቀ መዶሻዎቹ ምንጣፉ ላይ ተጭነው ይቀራሉ፤ ቁልፉ ሳይነካ ፊደል ይደግማል፣ ወይም ከታጠፈ በኋላ አይመለስም። ከላላ ደግሞ ቁልፉ ጠንካራ ምት ይፈልጋል። ስለዚህ አጥብቀው ሳይጨርሱ ይሞክሩ፤ በመሞከሪያው ያገኙት የደከመ አካባቢ ብቻ ሌላ ሩብ ዙር ይጨመርለት።

ዳዶው እንዳይፈታ ብለው የክር ማጣበቂያ አያድርጉበት፤ ከእነዚህ ፈሳሾች ብዙዎቹ ፕላስቲክ ይሰነጥቃሉ፣ ወደ በርሜሉ ወገንም ይሰርጋሉ። ብሎኑ ፕላስቲኩን ስለነከሰ ያለ ምንም ነገር ይይዛል።

ኢፖክሲን በተመለከተ መልሱ ከዚሁ ይከተላል። ኢፖክሲ የተለያየውን ነገር ባለበት ያጣብቃል፣ ወደ ቦታው አይጨምቀውም። በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ወደ ሜምብሬኑ ይሰርጋል። ሜምብሬኑ አንድ ቀን መውጣት ቢያስፈልገው ደግሞ ኪቦርዱ መለዋወጫ ብቻ ሆኖ ይቀራል። የሪቬቱን ጫፍ በብየዳ ብረት አቅልጦ መልሶ መደፍጠጥም አይጠቅምም፤ ራሱ ከተሰበረ የሚደፈጠጥ ርዝመት አልቀረም።

ገመዶቹን ከመሰካትዎ በፊት አንድ ሙከራ ያድርጉ። ስብስቡን ፊቱን ወደ ላይ አዙረው ሁሉንም በርሜሎች ይመልከቱ፤ ሞላዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ትንሽ አዘንብለው መቆም አለባቸው። ወደ ሌላ ያዘነበለ ካለ መዶሻዋ ተጣማለች። ከዚያ ክዳን እየገጠሙ አንድ በአንድ ይጫኑ፤ ሁሉም ቀጭ ማለት አለበት። ይህን የሚያደርጉት መያዣው ሳይዘጋ ነው። ጠፍጣፋ ገመዶቹን ሲመልሱ ከሁለቱም ጎን ይዘው ቀጥ አድርገው ይግፉ። የመሬት ሽቦውን ያስታውሱ።

ከኮምፒውተር ጋር ስትሞክሩት ኪቦርዱ ፒኤስ/2 ወይም የቆየው ባለ አምስት ፒን መሰኪያ ስላለው ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይሰኩ። ፒኤስ/2 እየሠራ ሳለ ለመሰካትና ለመንቀል የተሠራ አይደለም።

ለላፕቶፑ ደግሞ በየሱቁ የሚሸጠው ትንሽ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ማያያዣ አይሠራልዎትም። እሱ ሽቦ ብቻ ነው፤ የሚሠራው ራሱ ዩኤስቢ ለሚናገር ኪቦርድ ነው። የሞዴል ኤም ኮንትሮለር ዩኤስቢ አያውቅም፣ ስለዚህ የሚተረጉምለት ቺፕ ያስፈልጋል። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ አለ፤ ከራስዎ ሊሠሩት ከፈለጉ ኤቲሜጋ 32ዩ4 ያለበት ፕሮ ማይክሮ ካርድ 5 ቮልት የሆነውን ይውሰዱ፣ 3.3 ቮልቱን አይደለም። ቲኤምኬ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ለፒኤስ/2 ኪቦርድ መተርጎሚያ አለው፤ በኢንተራፕት በሚሠራው ዓይነቱ ላይ ዳታው ካርዱ ላይ 3 ተብሎ በተጻፈው ፒን፣ ክሎኩ 2 ተብሎ በተጻፈው ይገባል። በፒኤስ/2 መሰኪያ በኩል ፒን 1 ዳታ፣ 3 መሬት፣ 4 የ5 ቮልት፣ 5 ክሎክ ነው፤ 2 እና 6 ባዶ ናቸው። በባለ አምስት ፒኑ ላይ ግን 1 ክሎክ፣ 2 ዳታ፣ 4 መሬት፣ 5 ደግሞ የ5 ቮልት ነው። ሥዕሎች አንዳንዴ ወንዱን፣ አንዳንዴ ሴቴውን ስለሚያሳዩ ቁጥሩ ተገልብጦ ይታያል፤ ከመበየድዎ በፊት በቴስተር ከመሬቱ ይጀምሩ። 5 ቮልቱንና መሬቱን ማቀያየር ኮንትሮለሩን ሊያቃጥል ይችላል፤ ያን ኮንትሮለር መተካት ደግሞ ሪቬት ከመተካት ይከብዳል። ኪቦርዱ አልፎ አልፎ ፊደል ከዘለለ በዳታና በ5 ቮልቱ፣ በክሎክና በ5 ቮልቱ መካከል 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ያስገቡ።

አማርኛ ከጻፉ አንድ ነገር ይቀርብዎታል፦ 101 ቁልፉ የዊንዶውስ ቁልፍ የለውም፤ ስለዚህ በዊንዶውስና በስፔስ ቋንቋ መቀየር አይቻልም። በግራ ኦልትና ሺፍት መቀየር ግን ይሠራል፣ ቅንብሩ ውስጥ መከፈቱን ብቻ ይመልከቱ። የጀምር ዝርዝሩን ለመክፈት ኮንትሮልና ኢስኬፕ ይበቃል። በቲኤምኬ ደግሞ ካፕስ ሎክን የዊንዶውስ ቁልፍ ማድረግ ይችላሉ። ግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ካፕስ ሎክ ሥራ አይፈታ።